በእናትሽ የአጥር በር ላይ የሰቀልኩት ካርድ

ውድ ኮሪን፣

ደብዳቤሽ ቅዳሜ ደረሰኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሐሙስ በሚሰየመው የምርመራ ጉባኤ ላይ በአንቺ ምትክ ቆሜ እንድናገር ጠይቀሽኛል። «አጎቴ ሌላንድ፣ ከአንተ የበለጠ ማን ያውቃታል? እናቴን ምን እንዳደረጓት ንገርልኝ፤ ያቺ ፖሊስ፣ ምክትል ሸሪፏ፣ ዓይን ዓይንህን እያየች ትስማው» ብለሻል። ጎረቤት እንጂ የሥጋ ዘመድ ሳልሆን አጎቴ ትዪኛለሽ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ወጥቼ በተጎታች ቤቶቹ መሀል ስዞር ዋልኩ። ቤታችን ለተቃጠለብን ሰዎች መንግሥት የሰጠን ተጎታች ቤቶች ናቸው፤ የእኔው ሰባተኛው ነው። እኔ፣ ዕድሜዬን ሙሉ «ከመንግሥት አንዲት ሚስማር አልፈልግም» ስል የኖርኩት ሰውዬ፣ አሁን መንግሥት በሰጠኝ አልጋ ላይ እተኛለሁ።

ሐሙስ እናገራለሁ። ግን አንቺ ያልሽውን አይደለም። የምናገረውን ከማንም በፊት አንቺ መስማት ስላለብሽ ነው ይህን የምጽፈው። አንብበሽ ሳትጨርሺ አትደውዪልኝ፤ መሀል ላይ ድምፅሽን ከሰማሁ እዋሻለሁ ብዬ እፈራለሁ። ዋሽቼሽም አውቃለሁ።

አንቺ ወደ ሚኒሶታ ስትሄጂ ገና ይህ የመንገድ አለቃ የሚባል ነገር አልነበረም። ከሄድሽ በኋላ በመጣው ትልቅ እሳት ጊዜ ነው በተራራው መንገድ ዳር ያለን ሃያ ሁለት ቤተሰቦች ተሰብስበን ራሳችንን በራሳችን ልንጠብቅ የተስማማነው። የመገናኛ ራዲዮ ገዛን፣ የስም ዝርዝር አወጣን፣ እኔን አለቃ አደረጉኝ። አርባ ዓመት ግንድ ጭኜ የወረድኩበት መንገድ ስለሆነ እያንዳንዷን ኩርባ ዓይኔን ጨፍኜ አውቃታለሁ። እናትሽ ከዚያን ቀን ጀምሮ «አለቃዬ» ነበር የምትለኝ፤ ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ፌዝ። ደስ ይለኝ ነበር፣ ፌዙም ጭምር።

ስለ ነጩ ካርድ በጋዜጣ አንብበሽ ይሆናል፤ ግን ጋዜጠኞቹ በቅጡ አልገባቸውም። በትልልቅ ፊደል «ወጥተናል» ተብሎ የተጻፈበት የላስቲክ ካርድ ነው። እሳት ሲመጣ ቤቱን ለቆ የሚወጣ ሰው አጥሩ በር ላይ ሰቅሎት ይሄዳል። የእሳት አደጋ ሠራተኛም ሆነ ፖሊስ ካርዱን ካየ ሳይቆም ያልፋል፤ ጊዜውን ሰው ላለበት ቤት ያውለዋል። ተደናግጦ ሳይሰቅል ለሄደ ደግሞ የመንገድ አለቃው ይሰቅልለታል፤ ስለዚህ እኔ መኪናዬ ውስጥ ሁልጊዜ ትርፍ ካርዶች ነበሩኝ። ደንቡ አንድ ነው። በሩን አንኳኩተህ፣ ስሙን ጠርተህ፣ ቤቱ ባዶ መሆኑን በዓይንህ አይተህ ብቻ ነው የምትሰቅለው። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በየዓመቱ ግንቦት ላይ በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ሰዉን ሰብስቤ አስተምረው ነበር፤ አንድ በአንድ እያስነሳሁ አስደግማቸው ነበር። አንዳንዶቹ ይስቁብኛል። እናትሽ ግን ሁልጊዜ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ በትልቅ ድምፅ ትደግምልኝ ነበር።

መጀመሪያ ስለ ቅጹ ልንገርሽ።

ባለፈው ሚያዝያ ካውንቲው፣ የወረዳችን አስተዳደር፣ የአቅመ ደካሞች መዝገብ አወጣ። ስሙ የተመዘገበ ሰው እሳት ሲነሳ መኪና ይላክለታል። እናትሽን ተመዝገቢ እያልሽ በስልክ የወተወትሻት አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። እሷም ሞልታው ነበር። አልዋሸችሽም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጠይቃት ስገባ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አገኘሁት፤ ንፋስ እንዳይወስደው የማርማላታ ብልቃጥ ጭናበታለች። ዳሌዋን በቀዶ ጥገና ካስቀየረች ወዲህ መኪና መንዳት ትታ ነበር፤ ምርኩዟ ወንበሩ ላይ ተደግፏል።

«ይሄ ምንድነው?» አልኳት።

«ካውንቲው መኪና ይልክልኛል አሉ። ኮሪን ናት ሙዪ ሙዪ ብላ ነፍሴን ያወጣችው።»

«ካውንቲው? ያቺን የመንገድ ጉድጓድ ለመድፈን ሦስት ዓመት የፈጀባቸው ሰዎች?»

«ደፈኗት እኮ።»

«እኔ ነኝ የደፈንኳት!»

«አሃ! ለዚህ ነዋ ዝናቡ ገና አንዴ ሲጥል ተመልሳ የተቦረቦረችው።»

ተሳሳቅን። እኔ ግን ሆዴ ውስጥ ተናድጄ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ የተናደድኩት በካውንቲው አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት አለቃዬ ስትለኝ ኖራ ሌላ ሰው መጠበቋ ነው ያንገበገበኝ።

«ኦፓል፣ እኔ እዚህ ሦስት መቶ ሜትር ላይ ተቀምጬ አንቺ ከተማ ካለ ቢሮ መኪና ትጠብቂያለሽ? ከዚህስ ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።»

«እስቲ አሁን ማን ሰደበህ? አንተ ደረቅ! ሁለታችሁም ብትኖሩ ማን ይጎዳል? መኪናው ከመጣ አንተ ታርፋለህ። አንተ ከመጣህ መኪናው ባዶውን ይመለሳል።»

 እኔ ግን ሌላ ነገር አነሳሁ። «ዛሬ ስምሽን ይመዘግባሉ። ነገ አንዷ ወረቀት ይዛ ትመጣና ይሄ ደረጃ ለእርስዎ አይመችም፣ ብቻዎን መኖር አይችሉም ብላ መጦሪያ ታስገባሻለች። መንግሥት አንዴ በርሽን ካወቀው አይለቅሽም» አልኳት። ይህን ያልኩት ሆን ብዬ ነው፣ ኮሪን። እናትሽ ከሞት ይልቅ ከዚያ ቤት መውጣትን እንደምትፈራ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። የማውቀውን ፍርሃቷን አንስቼ ፊቷ ላይ አስቀመጥኩላት።

በመስኮቱ ግቢዋን አየች። ከዚያ «ቃልህን ትሰጠኛለህ?» አለችኝ፤ ፌዝ አልነበረበትም።

«ቃሌ ነው። እኔ ራሴ መጥቼ አወጣሻለሁ።»

ብልቃጡን አነሳችና ቅጹን ሰጠችኝ። ቤቴ ወስጄ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ካውንቲው «ኦፓል ሄንዝሊ የሚባል ስም መዝገባችን ላይ የለም» ያለ ጊዜ አንቺ «ጥለውት ነው፣ ዋሾዎች ናቸው» ብለሽ ለጋዜጣው ተናግረሻል። አልጣሉትም። አልደረሳቸውም። ያን ጋዜጣ ቡና ቤት ተቀምጬ ሳነብ ጓደኞቼ ትከሻዬን መታ መታ እያደረጉ «አይዞህ» ይሉኝ ነበር።

አሁን ወደዚያ ማክሰኞ ልምጣ።

ጭሱን ያየሁት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። ንፋሱ ከምሥራቅ ነበር፤ ያ ንፋስ ሲነሳ ሁላችንም ሰማይ ሰማይ ነው የምናየው። የአደጋ ሳይረኑ አልጮኸም። በስልክ ይመጣል የተባለው ማስጠንቀቂያ ከግማሽ ለሚበልጡት ቤቶች አልደረሰም። ይህ እውነት ነው፤ ማንም ፈጥሮት አይደለም። ካውንቲው ሐሙስ ዕለት መልስ ሊሰጥበት ይገባል፤ የእኔ ጥፋት የእነሱን አያጥበውም። እኔም በመጀመሪያው ሰዓት ሥራዬን ሠርቻለሁ። ራዲዮዬን ይዤ አሥራ ስምንት ቤት አንኳኩቻለሁ። ልብሳቸውን እንኳ ሳይለብሱ ያስወጣኋቸው አሉ። ላይኛው ጫፍ ያሉት ባልና ሚስት ብቻ አንወጣም ብለው በሩን ዘጉብኝ። እናትሽን መጨረሻ ያደረግኳት በራሴ መኪና ስለምወስዳት ነበር። ሐሳቤ ይህ ነበር፣ በእርግጥ ይህ ነበር።

ከዚያ ዕቃዬን ላወጣ ቤቴ ገባሁ። በር ላይ ሳለሁ እናትሽ የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን ሰማያዊ ሚኒባስ ቁልቁል ስትወርድ አየኋት፤ ውስጧ ሴቶች ተጨናንቀዋል። በእናትሽ በር በኩል ነው የምታልፈው። ኦፓልን ሳይዟት አይሄዱም አልኩ ለራሴ። እናትሽ ስትሳፈር አላየሁም። እንዲሆን ስለፈለግኩ ብቻ ሆነ አልኩ። ቀና ስል ነበልባሉ ከሸንተረሩ በላይ ብቅ ብሏል። ድምፁን ሰማሁት። ፈራሁ፣ ኮሪን። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

የጫንኩትን ልንገርሽ፤ ማንም አልጠየቀኝም፣ አንቺ ግን ማወቅ አለብሽ። ከኋላ ሁለት የሞተር መጋዝና የዓሣ ማጥመጃዬን። ከፊት፣ በጎኔ ባለው መቀመጫ ላይ፣ ቴሌቪዥኔን። እንዳይወድቅ ቀበቶ አስሬለት። መኪናዬ ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። እንግዲህ እናትሽ በር ከመድረሴ በፊት፣ ገና ቤቴ ቆሜ፣ እሷን ላለመያዝ ወስኜ ነበር ማለት ነው። ይህን ለራሴ ለማመን አምስት ወር ፈጀብኝ።

የእናትሽ አጥር በር ጋ ደርሼ ቆምኩ። ከበሩ እስከ ቤቱ ያለውን ዳገት ታውቂዋለሽ፤ ስትመጪ ሻንጣሽን እየጎተትሽ የምትራገሚው። ጭስ ሞልቶት ቤቱ አይታይም። ሞተሩን አላጠፋሁም። ጥሩምባ ሁለት ጊዜ ነፋሁ፤ ጆሮዋ እንደደከመ እያወቅኩ። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ፣ ከወንበሬ ሳልነሳ፣ እጄን ዘርግቼ ካርዱን በሩ ላይ ሰቀልኩት። ሳላንኳኳ። ስሟን ሳልጠራ። ከዚያ ነዳሁ።

ኩርባውን አልፌ ከመኪናዎቹ ሰልፍ ጋር ስቀላቀል አንቺ ደወልሽ። ያን ጥሪ ሁለታችንም እናስታውሰዋለን፤ እኔ ግን እንዳለ ልጻፈው።

«አጎቴ ሌላንድ፣ ዜናውን እያየሁ ነው፣ የእማዬ ስልክ አይጠራም። ወጥታለች?»

«ወጥታለች። በቤተ ክርስቲያኗ መኪና ሄዳለች።»

«አይተሃታል?»

«አትጨነቂ ልጄ። ወጥታለች አልኩሽ እኮ።»

አለቀስሽ፣ ከደስታ። «ተባረክ፣ ተባረክ» አልሽኝ። ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት ነበር። በኋላ ሬሳዋ ሲገኝ ሰው ነግሮኝ ነው አልኩሽ፤ አንቺም «አንተ ምን ታደርግ፣ የነገሩህን ነው የነገርከኝ» ብለሽ አቀፍሽኝ። ማንም አልነገረኝም። ያን ሰው የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ያን ጊዜ አላውቅም ብልሽ ኖሮ ወዲያው ለፖሊስ ትደውዪ ነበር፤ አንቺን አውቅሻለሁ፣ እስኪሰለቻቸው ትደውዪ ነበር።

ጊዜ ነበራ። ምክትል ሸሪፍ ዮላንዳ ፕሩት መንገዳችን ላይ የደረሰችው አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ነው። እሳቱ የእናትሽን ቤት የበላው አራት ተኩል ላይ ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ። ምክትሏ በድምፅ ማጉያ እየተጣራች ወጣች፤ የእናትሽ በር ጋ ስትደርስ ካርዱን አየች፤ እንደ ደንቡ አለፈች። ወደ ላይ ወጥታ እኔን እምቢ ያሉኝን ባልና ሚስት እየጎተተች አወረደች፤ የመኪናዋ ጎማ እየቀለጠ። እኔ የሰቀልኩት ካርድ ባይኖር ኖሮ መጀመሪያ የምትገባው እናትሽ ቤት ነበር።

ካርዱ ከእነበሩ ተቃጠለ። ስለዚህ የምክትሏ ቃል ብቻ ቀረ።

በጥቅምት የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ የተደረገውን ስብሰባ ቪዲዮ አይተሽዋል። ስናገር ያየሽኝ ጊዜ ኮራሁብህ ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ከካውንቲው ሰዎች ፊት ቆሜ «መንግሥት የት ነበር?» አልኩ። «ሳይረኑ የት ነበር? ያቺ ምክትል ሸሪፍስ የአንዲት አሮጊት በር ለማንኳኳት እጇ ታስሮ ነበር?» ሰው ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ። እነዚያው እንደ እኔ «መንግሥት ከደጃችን ይራቅ» ሲሉ የኖሩ ጎረቤቶቼ ናቸው ያጨበጨቡት። ቪዲዮው ላይ የማይታየው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ምክትሏ ከኋላ ተነስታ «በሩ ላይ ካርድ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ በቅጡ አይሰማም ነበር። አንዱ «ካርዱን አምጪዋ!» ብሎ ጮኸ። ሳቁባት። ዓይኗ አዳራሹን ዞሮ እኔ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ።

ከሥራ ታግዳለች። ሐሙስ የሚወሰነው የእሷ ጉዳይ ነው፤ ሃያ ዓመት የሠራችበትን ሥራ ታጣለች አታጣም ነው ነገሩ። ምናልባትም ክስ ይከተላል። አንቺም በአንድ ቃል እንድትባረር ነው የምትፈልጊው፤ አልፈርድብሽም፣ የነገርኩሽን ይዘሽ ነው።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ፣ ትናንት እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ሄድኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። የጋራዡ በር ላይ አንድ ሰው በቀይ ቀለም «ገዳይ» ብሎ ጽፎበታል፤ እሷ ጓንት አድርጋ በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈገች ነበር። ዞራ አየችኝ።

«አቶ ስቶዳርድ፣ ሊሰድቡኝ ከሆነ የመጡት ተራ ይያዙ» አለችኝ።

«ካርዱ ነበር» አልኳት። ሌላ አነጋገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ጠፋብኝ።

«ምን አሉኝ?»

«ካርዱ ነበር። እኔ ነኝ የሰቀልኩት።»

እጇ በሩ ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አለች። ትጮኽብኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ብትጮኽብኝ ይቀለኝ ነበር። «በየቀኑ ባለቤቴን እጠይቀዋለሁ» አለች። «ካርድ አይቻለሁ አይደል እለዋለሁ። ምስኪን፣ እሱ በምን ያውቃል? አይተሻል የኔ እመቤት ይለኛል። እኔ ግን አምስት ወር ሙሉ ሕልሜ ነው ወይስ እውን ነው እያልኩ ራሴን ልጠራጠር ደርሻለሁ። ሰው አይደለሁ እንዴ?»

ምን እላታለሁ?

«አንኳኩተው ነበር?» አለችኝ ቀና ብላ።

«አላንኳኳሁም።»

«አላንኳኩም» አለች ደግማ፣ ቃሉን እንደሚመዝን ሰው። ቀጥላም እንዲህ አለች፦ «እኔም አላንኳኳሁም። ደንቡ ካርድ ያለበትን እለፉ ይላል፣ አለፍኩ። ደንቡም ልክ ነው፣ እኔም ልክ ነኝ፣ ሴትዮዋ ግን ሞተዋል። ዳገቱን ብወጣ ምን ነበረበት? ሁለት ደቂቃ ነው። ይሄን ደግሞ እርስዎን ሳይሆን ራሴን ነው የምጠይቀው።»

«ያንቺ ጥፋት አይደለም» አልኳት።

ተቆጣች፤ በዚያን ቀን የተቆጣችው ያኔ ብቻ ነው። «እሱን እርስዎ አይነግሩኝም! እርስዎ የራስዎን ይዘው ይሂዱ።» ተነስታ የብርጭቆ ወረቀቷን አነሳች። «ሐሙስ ይናገራሉ?»

«እናገራለሁ።»

«አላመሰግንዎትም።»

«ገባኝ።»

መኪናዬ ጋ ስደርስ ጠራችኝ። «አቶ ስቶዳርድ! መጀመሪያ ለልጃቸው ይንገሯት። ከጋዜጣ እንዳታነበው። እሷም ሰው ናት።» አንቺ በየጋዜጣው ስሟን ያጠፋሽው ሴት ናት ይህን ያለችው። እኔ አላሰብኩትም ነበር፤ እሷ ናት ያሰበችልሽ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ ብዙ አሰብኩ፤ ከማሰብ በቀር ሥራ የለኝም። ዕድሜዬን ሙሉ መንግሥት አያስፈልገንም፣ እኛው ለእኛው እንበቃለን ስል ነበር። አሁን ሳየው «እኛ» የምለው እኔን ነበር። ለእናትሽ የሚመጣ መኪና እንዳይመጣ ያደረግኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ከዚያ እኔም አልመጣሁም። ሁለት በር ነበራት፣ ሁለቱንም ዘጋሁባት። እሷ ስትሞት ደግሞ ዞሬ መንግሥት የት ነበር አልኩ። ጥያቄው ልክ ነው። እኔ ግን ጥያቄውን የተጠቀምኩበት ከኋላው ለመደበቅ ነው፤ ትልቅ ስለሆነ ደህና አድርጎ ይደብቃል።

አንድ ነገር ቀርቷል። ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ የጠየቅሽኝ ነገር ነው። መርማሪዎቹ እናትሽ በረንዳው ወንበር ላይ እንደተገኘች ነግረውሻል፤ ቦርሳዋ እግሯ ሥር፣ ምርኩዟ በጎኗ። ከቤቱ በታች ያለው ሣሩ የታጨደ ሜዳ አልተቃጠለም፤ ቁልቁለት ነው፣ በምርኩዝም ቢሆን በአሥር ደቂቃ ትደርስበት ነበር። «ለምን አልወረደችም? ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን ይዛ፣ ለምን ቁጭ አለች? ሌሊት ሌሊት የሚያቃጥለኝ ይሄ ነው፤ አእምሮዋ ስቶ ይሆን?» ብለሽ ጽፈሻል። ሬሳዋን የመረመረው ሐኪምም ድንጋጤ ነው ብሎሻል።

አእምሮዋ አልሳተም፣ ኮሪን። ከላይ ስለ ቅጹ ስጽፍልሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ዘልያለሁ። ቃልህን ትሰጠኛለህ ስትለኝ ቃሌ ነው፣ እኔ ራሴ መጥቼ አወጣሻለሁ ያልኩት ላይ አቆምኩ። እዚያ ላይ አላቆምኩም ነበር። «አንቺ ብቻ በዚያ እግርሽ ዳገት ቁልቁለት እንዳትዪ፤ ወድቀሽ እንዳላገኝሽ። ቦርሳሽን ይዘሽ በረንዳ ላይ ቁጭ በይና እኔን ጠብቂኝ» ብያታለሁ። በየዓመቱ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ያልኩትን ሁሉ የምትደግም ሴት ናት። ያልኳትን አደረገች።

ስለዚህ ሌሊት ስትነቂ እናቴ ማንን ነበር የምትጠብቀው አትበይ። እኔን ነው። እኔ በዚያ ሰዓት ከተማ ደርሼ ገበያው ፊት ለፊት መኪናዬን አቁሜ ነበር።

ይህ ደብዳቤ በፈጣን ፖስታ ረቡዕ ይደርስሻል። ሐሙስ ጠዋት እዚህ ያለውን አንድም ሳላስቀር ጉባኤው ፊት አነበዋለሁ፤ ቅጂ አስቀርቻለሁ። በአንቺ ስም አልናገርም፤ ያ መብት የለኝም። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ሰው ሲለምንሽ እምቢ ማለት እንደማትችዪ ስለማውቅ ነው። መልስም አልጠብቅም። ደውለሽ ልትሰድቢኝ ከፈለግሽ ግን በየትኛውም ሰዓት አነሳዋለሁ፣ እስክትጨርሺም አልዘጋውም።

ለእናትሽ ቃል ገብቶ ያልመጣው፣

ሌላንድ ስቶዳርድ